ለስድስት ወር ሕፃን ተጨማሪ ምግብ አጀማመር፦ ምጥኑ፣ ገንፎውና አበላሉ

«ልጄ ስድስት ወር ሊሞላው ነው፤ ስንት ዓይነት እህል ልቀላቅልለት?» የሚያጠቡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አንዷ ሰባት ዓይነት መሆን አለበት ተብላለች፣ ሌላዋ አሥራ ሁለት። እህሉ እስኪሟላላት ስትጠብቅ ሰባተኛውን ወር የምታጋምስም አለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልበል፦ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት እህል ከአንድ ጥራጥሬ ጋር ይበቃል። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎና ማሽላ በሥነ ምግብ ሁሉም አንድ ምድብ ናቸው፤ ስድስቱንም አንድ ላይ ብታስፈጪያቸው ልጅሽ የሚያገኘው ያንኑ አንድ ምድብ ነው። ትኩረትሽ መሆን ያለበት በገንፎው ውፍረትና በላዩ በምትጨምሪው እንቁላል፣ ጉበት፣ ወተት፣ ጎመንና ዱባ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ በጊዜው ለተወለደ፣ ጡት ለሚጠባና ጤነኛ ለሆነ ሕፃን ነው። ልጅሽ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ የልብ ሕመም ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ካለበት፣ ከመጀመርሽ በፊት የሚከታተለውን ባለሙያ አማክሪ።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

ለምጥኑ (አብሮ ለሚፈጨው የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት)፦
- አንድ ኪሎ ተኩል እህል፤ ለምሳሌ አንድ ኪሎ ገብስና ግማሽ ኪሎ ጤፍ
- ግማሽ ኪሎ ጥራጥሬ፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ
- ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ደረቅ ዕቃ

ለገንፎው፦
- ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት ከነክዳኑ
- ማማሰያ
- ንጹሕ ውሃ ወይም የተፈላ ወተት
- ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ
- የዕለቱ ማበልጸጊያ፤ እንቁላል፣ ጉበት፣ የደቀቀ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ

ለማብላት፦
- ትንሽ የሻይ ማንኪያ፣ የልጁ የራሱ ሳህን፣ አፉ ሰፊ የሆነ ኩባያ
- ሳሙናና ውሃ

ጡጦ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ አያስፈልግሽም። የጡጦው ጫፍና አንገት በቀላሉ አይጸዳም፤ ለተቅማጥ መንገድ ይከፍታል። በጡጦ ለመስጠት ሲባልም ምግቡ የግድ ይቀጥናል።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ጠብቂ፣ ጊዜው ሲደርስ ግን አታዘግዪ

ልጅሽ ስድስት ወር እስኪሞላው፣ ማለትም 180 ቀን፣ ከጡትሽ ሌላ ውሃም አያስፈልገውም። በአራተኛው ወር አካባቢ እየደጋገመ መጥባት ሲጀምር «ጡቱ አልበቃውም» የሚሉሽ ይበዛሉ። እየደጋገመ ሲጠባ ወተትሽ ይጨምራል። አጥሚት ከጀመርሽለት ግን የሚጠባው ይቀንሳል፣ ወተትሽም ይቀንሳል፤ ከምግቡና ከዕቃው ጋር የሚገባው ጀርም ደግሞ ያስቀምጠዋል።

ስድስተኛው ወር ካለፈ በኋላ መዘግየትም ጉዳት አለው። ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት በዚህ ጊዜ አካባቢ እያለቀ ነው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። የሚፈልገውም ኃይል ጡት ብቻውን ከሚሰጠው ይበልጣል። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ከምግብ ማግኘት አለበት። ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከዓመቱ በኋላ ደግሞ 550 ገደማ ይደርሳል።

ከቀኑ ጋር የልጁንም ሁኔታ ተመልከቺ፦ ተደግፎ ይቀመጣል፣ አንገቱ ጸንቷል፣ ስትበሉ በዓይኑ ይከተላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ማንኪያ አፉ ሲደርስ በምላሱ ገፍቶ አያስወጣም።

ደረጃ 2፦ ምጥኑን አዘጋጂ

ሥፍሩ ቀላል ነው፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እህል የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላል፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው የሚፈጩት።

ሀ. እህሉንና ጥራጥሬውን በብርሃን ልቀሚ። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የነቀዘ ፍሬ ካለ አውጪ፤ ብዙ ከሆነ ሙሉውን ተዪው። በተለይ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መቁላትም ሆነ ማፍላት አያስወግደውም። ከአተር ወይም ከሽምብራ መካከል ጓያ ተቀላቅሎ ከሆነ አንድ በአንድ ልቀሚው። ጓያ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ በልጅ ምጥን ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

ለ. ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፊና የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊ። መዘፍዘፍ ብረትና ዚንክን አስሮ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚያደርገውን ነገር ይቀንሳል፤ የሆድ መንፋትንም ያቃልላል።

ሐ. በፀሐይ አድርቀሽ፣ መዓዛው እስኪወጣ ብቻ ቁዪው። ሳይጠቁር አንሺው፤ ያረረ ጥራጥሬ ገንፎውን ያመርረዋል፣ ልጁም አይበላልሽም። ከዚያ ከክተሽ ገለባውን በሰፌድ አበጥሪ። ገብሱን ፈትገሽ ለብ ለብ አድርገሽ ቁዪው። ጤፉ ተነፍቶና ታጥቦ ቢደርቅ በቂ ነው።

መ. አስፈጭተሽ በወንፊት ንፊው። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ ወይም ቅመም በሚፈጭበት ወፍጮ እንዳይፈጭ አስቀድመሽ ለወፍጮ ቤቱ ንገሪ፤ የቀረው ብናኝ የልጁን አፍ ያቃጥላል።

ሠ. ዱቄቱ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ዕቃ ክደኚ። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ አታዘጋጂ። የተቆላ ጥራጥሬ ያለበት ዱቄት እየቆየ ሽታው ይለወጣል፤ ለውዝ ከጨመርሽበት ደግሞ ከዚያም ቶሎ።

ምግባችሁ ቡላ ወይም ቆጮ ከሆነ መሠረቱን እሱን ማድረግ ትችያለሽ። ሆኖም እንሰት ፕሮቲኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጥራጥሬ ወይም ወተትና እንቁላል ሳይጨመርበት ለልጅ አይቅረብ። የታሸገ የሕፃናት ዱቄት የምትገዢ ከሆነ የማብቂያ ቀኑንና የስኳሩን መጠን አንብቢ፤ ማበልጸጊያው ለእሱም ያስፈልገዋል። በውጭ አገር የምትኖሪና ምጥን ከአገር ቤት የሚላክልሽ ከሆነም እዚያ ያለው ብረት የተጨመረበት የሕፃናት እህል ጥሩ ነው። ከምጥኑ ጋር ብታፈራርቂው ልጁ ይጠቀማል።

ደረጃ 3፦ እጅሽን፣ እጁን፣ ዕቃውን

ምግብ ከመንካትሽ በፊት፣ ልጁን ከማብላትሽ በፊት፣ ዳይፐር ከቀየርሽና ከመጸዳጃ ቤት ከወጣሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የልጁንም እጅ እጠቢ፤ ሁሉንም ነገር ወደ አፉ ይወስዳልና። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚበዛው ጥርስ ስለሚያወጣ አይደለም፤ መዳህና ምግብ መጀመሩ ከዚሁ ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ነው።

ደረጃ 4፦ ገንፎውን ሥሪ

ለአንድ ጊዜ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ምጥን፣ 1 ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር ገደማ) ውሃ ወይም ግማሽ ውሃ ግማሽ ወተት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ የሚበላው ከዚህ ያነሰ ስለሆነ ሥፍሩን በግማሽ ቀንሺ።

ሀ. ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። በፈላ ውሃ ላይ ብትነሰንሺው ይጓጉላል፤ የጓጎለው መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ለ. መካከለኛ እሳት ላይ ጥደሽ ሳታቋርጪ አማስዪ። ሲንተከተክ እሳቱን ቀንሰሽ፣ ከድነሽ፣ አልፎ አልፎ እያማሰልሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስዪው። ጥራጥሬው ሳይበስል ከወረደ ሆዱን ይነፋዋል።

ሐ. ውፍረቱን በማንኪያ ፈትኚ። ማንኪያውን ስታዘነብዪው ወዲያው የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ለጥቂት ጊዜ ተጣብቆ ቆይቶ በዝግታ የሚወርደው ትክክለኛው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ልጆች በልተው ሳይጠግቡ የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው። የስድስት ወር ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው። በቀጭን አጥሚት ሲሞላ አብዛኛው ውሃ ነው። ጠግቦ ይተኛል፣ ኃይል ግን አላገኘም፤ ጡትም ያንኑ ያህል ሳይጠባ ይቀራል። ያንኑ ሆድ በወፍራም ገንፎ ስትሞዪው የእጥፍ ያህል ዱቄት ይይዛል። «ጉሮሮው አይችልም፣ ያንቀዋል» የሚለው ስጋት በወፍራምና በጠጣር መካከል ያለውን ልዩነት ይረሳል። ወፍራም ገንፎ ለስላሳ ነው፤ ልጁ በምላሱ እያላመጠ ይውጠዋል።

ገንፎው ከመጠን በላይ ቢከብደው ውሃ ከመጨመር የተሻለ ዘዴ አለ። በደንብ የደረቀና ያልሻገተ የገብስ ብቅል አስፈጭተሽ አስቀምጪ። ወፍራሙን ገንፎ አውርደሽ ሞቅ እንዳለ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረሽ አማስዪው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዱቄቱ ሳይቀንስ ገንፎው ይላላል። ከዚያ መልሰሽ አንድ ጊዜ አፍዪው፤ ብቅሉ ጥሬ ስለነበር ይህን አትዝለዪ።

ደረጃ 5፦ አበልጽጊው

መጀመሪያ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ። ሆድ ሳይሞላ ኃይል ይጨምራል፣ ቫይታሚን ኤም በደንብ እንዲገባ ይረዳል።

ሁለተኛ፦ ከእንስሳት የተገኘ ምግብ፣ ቢቻል በየቀኑ። አንድ እንቁላል መትተሽ በሚፈላው ገንፎ ላይ አፍስሺና ሙሉ በሙሉ እስኪበስል አማስዪ። ወይም ጉበት በደንብ ቀቅለሽ ፈቅፍቀሽ ጨምሪ፤ ጉበት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቅመምና በርበሬ ያልነካው ቋንጣ አድርቀሽና አልመሽ ብታስቀምጪ አንድ የሾርባ ማንኪያ በየገንፎው መጨመር ትችያለሽ። ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይቻልበት ቤት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ዓሣ ካገኘሽ አጥንቱን በጣትሽ እየዳሰስሽ አውጪ።

ሦስተኛ፦ ቅጠልና ብርቱካናማ ቀለም ያለው አትክልት። የሐበሻ ጎመን ወይም ቆስጣ ቀቅለሽ አድቅቂ፤ ዱባ፣ ካሮት፣ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንችም እንዲሁ። ከምግቡ በኋላ ጥቂት የተፈጨ ፓፓያ፣ ማንጎ ወይም የብርቱካን ጭማቂ በማንኪያ ስጪው፤ ቫይታሚን ሲ የእህሉና የጎመኑ ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል።

«ጤፍ ብረት አለው አይደል? ሥጋው ለምን ያስፈልጋል?» ትይኛለሽ። አዎን፣ ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከእህል የሚገኝ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። የጉበትና የሥጋ ብረት በቀላሉ ይገባል፤ አብሮት የተበላውን የእህሉን ብረትም ይጎትታል። ቀይ ሥር ደግሞ ቀለሙ ደም ቢመስልም ብረቱ ጥቂት ነው። ስጪው፣ ግን ለደም ማነስ ብለሽ በእሱ አትመኪ። በከተማ የተለመደው ድንች በካሮትም ብቻውን ኃይሉም ብረቱም ያንሳል፤ እንቁላልና ዘይት ሲገባበት ምግብ ይሆናል።

በቀን ውስጥ ቢያንስ አምስት ምድብ መሟላቱን ቁጠሪ፤ ምድቦቹ ስምንት ናቸው፦ የጡት ወተት፤ እህልና ሥራሥር፤ ጥራጥሬና ለውዝ፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፤ ሥጋ፣ ጉበትና ዓሣ፤ እንቁላል፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ምጥኑና ጡትሽ ሦስቱን ይሸፍኑልሻል። እንቁላልና ጎመን ስትጨምሪ አምስት ሞላ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ማንኪያ

ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ ጀምሪ፤ የማይስማማው ነገር ካለ ቀን ላይ ታይዋለሽ። በጣም ርቦት እያለቀሰ ከሆነ አስቀድመሽ ጥቂት አጥቢው። ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርጊ፤ አጋድመሽ አታብዪ፣ ምግቡ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል።

የማንኪያውን ጫፍ ብቻ ሞልተሽ ወደ ከንፈሩ አቅርቢና አፉን እስኪከፍት ጠብቂ። ዓይኑን እያየሽ አናግሪው። ፊቱን ቢያዞር ቆየት ብለሽ ሞክሪ፤ በድጋሚ ቢያዞር በቃው ማለት ነው። በእጅ አፍንጫ ይዞ መጋት ምግብን ከፍርሃት ጋር ያያይዝበታል፣ ለትንታም ያጋልጠዋል። ዛሬ የተፋውን ምግብ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና አቅርቢለት፤ ልጅ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ስምንት፣ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል።

አዳዲስ ምግቦችን አንድ በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት አስገቢ፤ አንዱ ባይስማማው የትኛው እንደሆነ ትለያለሽ። እንቁላልንና የላመ ለውዝን ዓመት እስኪሞላው ማዘግየት አያስፈልግም፤ በጥቂቱ ጀምሪ።

ደረጃ 7፦ መጠኑንና ጊዜውን ከዕድሜው ጋር አሳድጊ

ከ6 እስከ 8 ወር፦ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምረሽ ወደ ግማሽ ኩባያ (ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር) አድርሺ። ምግቡ የላመና ወፍራም ይሁን።

ከ9 እስከ 11 ወር፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ኩባያ፤ በመካከል 1 ወይም 2 መክሰስ፣ ለምሳሌ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ እርጎ። ምግቡን ማላም ቀንሺ፤ ደቀቅ አድርገሽ ክተፊው፣ በእጁ የሚይዘውም ስጪው። በዚህ ዕድሜ ማላመጥ ያልለመደ ልጅ ኋላ ጠጣር ምግብ ያስቸግረዋል።

ከ12 እስከ 23 ወር፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ፤ መክሰሱ እንዳለ ሆኖ። አሁን ከቤተሰቡ ማዕድ ይበላል። በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ ቀንሰሽ አውጪ፣ በራሱ ሳህንም አቅርቢ። ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ምን ያህል እንደበላ አታውቂም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጡት አይቋረጥም፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ በፈለገ ጊዜ ይጥባ። ውሃ ከስድስት ወር ጀምሮ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ በኩባያ በጥቂት በጥቂቱ።

ደረጃ 8፦ በጾም ወቅት

ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም። ችግሩ የሚመጣው ከማድ ቤቱ ነው፤ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ የልጁም እንቁላልና ወተት ይቀራል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለስምንት ወር ሕፃን 55 ቀን ማለት ምግብ ከጀመረ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሊያህል ምንም ያህል አይቀረውም፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩበት ደግሞ ይበልጥ። መፍትሔው ከላይ በዝርዝሩ ያለችው ትንሽ ድስት ናት፦ የብቻዋ ማማሰያ፣ የብቻዋ ማንኪያ፣ የብቻዋ ማጠቢያ። ልብሽ ካላረፈ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ባለቤትሽና እናትሽም አብረው ይስሙ።

ደረጃ 9፦ ሲታመም

ሲያመው ምግብ አታቋርጪ። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው፤ የሚወደውን ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ እየደጋገምሽ አቅርቢ። ተቅማጥ ከሆነ ከጤና ኬላ ኦአርኤስ (በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) እና ዚንክ ውሰጂ። ሲሻለው ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ አብዪው፤ በሕመሙ የቀነሰው ክብደት የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ጠዋት የተሠራ ገንፎ በፔርሙስ ወይም በድስት አስቀምጦ ማታ ማብላት። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ አይቆይ፤ ከሳህኑ የተረፈው ምራቅ ስለነካው አይቀመጥ።
- ምግቡን በአፍ አላምጦ ወይም በትንፋሽ እፍ ብሎ ማጉረስ። የአዋቂ አፍ ውስጥ ያለ ጀርም ወደ ልጁ ይሄዳል። ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጪው።
- ሻይ በዳቦ። ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፤ ቡናም እንዲሁ።
- ሾርባ ሠርቶ ውሃውን ለልጁ መስጠት። ሥጋውና አትክልቱ እኮ ድስቱ ውስጥ ቀረ። አድቅቀሽ ስጪው።
- ጡት አስጥሎ የላም ወተት መተካት። ወተቱ ለገንፎ መሥሪያ ይሁን፤ ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ አይሁን።
- ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት። ሆዱን ይይዙና ለምግብ ቦታ ያሳጡታል።

ማስጠንቀቂያ

ማር ዓመት ሳይሞላው በምንም መልኩ አትስጪ፤ በጣትም ማስላስ ሆነ በገንፎ ላይ። ቦቱሊዝም የሚባለውንና ጡንቻን የሚያዝለውን ሕመም የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽ ሆድ አይቋቋመውም።

ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ የካሮት ቁራጭና ሙሉ የወይን ፍሬ ያንቃሉ። ሲበላ አጠገቡ ሁኚ። እየሳለና እየተናነቀው ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ራሱን እያጸዳ ነውና ጣትሽን አትክተቺ። ድምፁ ከጠፋና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ታንቋል፦ በክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኝተሽ፣ ራሱን ከደረቱ ዝቅ አድርገሽ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍሽ ግርጌ አምስት ጊዜ ምቺው። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠሽ በሁለት ጣት የደረቱን መሐል አምስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጊ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቅሽ፣ ለእርዳታ ጩኺ።

አዲስ ምግብ በልቶ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣበትና መተንፈስ ካስቸገረው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰጂው። ጡት መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ዓይኑ ከጎደጎደም አትቆዪ።

በየወሩ አስመዝኚው፤ ከስድስት ወር ጀምሮም በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይወስዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ ስትለካ ቁጥሩን ጠይቂያት፦ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ገንፎ በማወፈር ብቻ የሚመለስ አይደለምና በዚያው ቀን ሕክምና ይጀመርለት።